የድሮ ሞተር ሳይክል ቴስታታ ዘይት ሲያፈስ፦ ፍሳሹን ከማግኘት እስከ ዳግም ማጥበቅ

ቴስታታ፣ ማለትም ሲሊንደሩን ከላይ የሚከድነው ክፍል፣ ዘይት ማፍሰስ ሲጀምር ምልክቱ ትንሽ ነው። በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መሀል ጠቆር ያለ እርጥበት ይታያል። እርጥበቱ አቧራ ይይዛል፤ አቧራው እዚያው ይጋገራል። ትንሽ ቆይቶ ጫማ ላይ፣ ሱሪ ላይ ጠብታ ይመጣል። ይሄኔ አብዛኛው ሰው ቁልፍ ያነሳና የቴስታታውን ዳዶዎች ጠበቅ ጠበቅ ያደርጋል።

እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ዳዶ ከልኩ በላይ ሲጠብቅ ስታዱ (ዳዶው የሚጠብቅበት ጥርስ ያለው ዘንግ) ይለጠጣል፣ አሉሚኒየሙ ውስጥ ያለው ጥርስ ይነቀላል፣ ቴስታታው ራሱ ይጣመማል። ፍሳሹ ለጥቂት ቀን ጋብ ይል ይሆናል። ሲመለስ ግን ብሶበት ነው የሚመለሰው።

የድሮ ሞተር ዘይት ማንጠባጠቡ ተፈጥሮው ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ ሞተሮችም ደረቅ ሆነው መሥራት ይችላሉ። የሚገናኙት ፊቶች ዝርግና ንጹሕ ከሆኑ፣ የጎማ ማኅተሞቹ በልካቸው ከተጨመቁ፣ ሞተሩም በደንብ ከተነፈሰ ዘይት መውጫ አያገኝም። ሲሊኮን ማብዛትም ሆነ ጉልበት መጨመር የእነዚህን ቦታ አይተካም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ፍሳሹን በትክክል ያዙት

ዘይት ያያችሁበት ቦታ ዘይቱ የወጣበት ላይሆን ይችላል። ሞተር ሳይክሉ ሲሄድ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ አንዳንዴም ሽቅብ ይነዳዋል። ክንፎቹ ደግሞ ተቀባብለው ያዞሩታል። ፊት ለፊት ካለች አንዲት ቀጭን ክፍተት የወጣ ዘይት የሲሊንደሩን ጀርባ በሙሉ አርሶት ልታገኙ ትችላላችሁ።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከእጥበት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቴስታታውንና ሲሊንደሩን በነጭ ጋዝ ወይም በዘይት ማጠቢያ ፈሳሽ እጠቡ። ክንፎቹ መሀል በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ግቡ። የካርቡራተሩን አፍና የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያዎቹን ሸፍኑ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ነጭ ጋዝ ክንፎቹ ሥር ቀርቶ ከሆነ ሲሞቅ ይወርድና ፍሳሽ ያገኛችሁ ይመስላችኋል።

ሲደርቅ የሕፃን ፓውደር ወይም የእግር ፓውደር ስፕሬይ በስሱ ንፉበት። ሁሉም ነጭ ይሁን። ወደ አየር ማስገቢያው ግን እንዳይደርስ ተጠንቀቁ። ከዚያ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ድረስ ብቻ ነድታችሁ ተመለሱ። ረጅም መንገድ ከሄዳችሁ ፓውደሩ በሙሉ ይርሳል፤ ምንም አይነግራችሁም። የምትፈልጉት ከሁሉም ከፍ ብሎ፣ ከሁሉም ወደ ፊት ቀድሞ የራሰውን ነጥብ ነው። መነሻው እሱ ነው። ሌላው እርጥበት ከእሱ የወረደ ነው።

ፍሳሹ ቀጭን ሆኖ ፓውደር ካላሳየው ዘይት ውስጥ የሚጨመር ልዩ ቀለም አለ። ጨለማ ውስጥ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲታይ ያበራል። ለአስቸጋሪ ፍሳሽ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ቴስታታውን ጥፋተኛ ከማድረጋችሁ በፊት ከላዩ ያሉትን አንድ በአንድ አጣሩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሮከር (ቫልቮቹን የሚጫነው ክንድ) ሽፋን ጓርኒሲዮን ነው፤ ጓርኒሲዮን በሁለት ፊቶች መሀል ገብቶ ፍሳሽ የሚከለክለው ስስ ንጣፍ ነው። ለሮከሮቹ ዘይት የሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ ጫፉ ላይ የመዳብ ሮንዴላዎች አሉት፤ ሲጠነክሩ ዘይት ያልባሉ። የሮከር ዘንጉ ጫፍ ኦሪንግ፣ ማለትም ክብ የጎማ ማኅተም፣ አለው። ከቴስታታው የሚነሳ የዙር መቁጠሪያ ኬብል ካለ መግቢያው ላይ ማኅተም አለ። ካርቡራተሩ ሥር ያለው እርጥበት ደግሞ ቤንዚን ከአቧራ ጋር ተደባልቆ ሊሆን ይችላል፤ አሽትቱት። ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ቴስታታውን መፍታት አያስፈልጋችሁም። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ቁልፍ ሳታነሱ ትንፋሹን እዩ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፒስቶን ሲወርድ ከሥሩ ያለውን አየር ይገፋል። ያ አየር የሚወጣበት መተንፈሻ ቱቦ አለ። ቱቦው ከታጠፈ፣ በጭቃ ከተደፈነ ወይም ውስጡ ያለው ቫልቭ ከተጣበቀ ግፊቱ ታችኛው የሞተር ቤት ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ደከም ያለውን መገጣጠሚያ ፈልጎ ዘይት ይዞ ይወጣል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን ብትገጥሙ እሱም ያፈሳል።

ቱቦውን ንቀሉና ውስጡን አጽዱ። መታጠፊያው ላይ እንዳይጨፈለቅ አድርጋችሁ መልሱ። ሞተሩ እየሠራ ከመተንፈሻው ብዙ ጭስ የሚወጣ ከሆነ የፒስቶን ፋሻዎቹ አልቀዋል ማለት ሊሆን ስለሚችል ኮምፕሬሽኑን ለኩ። ፋሻው ካለቀ ቴስታታውን ብቻ ጠግኖ መመለስ ልፋት ነው።

የዘይቱ መጠንም አለ። ዘይት የበዛበት ሞተር በየቦታው ይገፋል። ዘይታቸው በተለየ ታንክ የሚቀመጥ የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ለረጅም ጊዜ ሲቆሙ ዘይቱ በፓምፑ በኩል ቀስ እያለ ወደ ታችኛው ቤት ይወርዳል። ባለቤቱ ታንኩ ጎድሎ ሲያየው ይሞላዋል። ከዚያ ሲነሳ ትርፉ ዘይት በመተንፈሻውም በመገጣጠሚያውም ይወጣል። ስለዚህ ወራት የቆመ ሞተር ሳይክል በተነሳበት ቀን ቢያፈስ አትቸኩሉ። የታችኛውን ቤት አፍስሱ፤ ደረጃውን ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ ለኩ፤ ከዚያ እንደገና በፓውደር ሞክሩ።

ዘይቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ እወቁ

ሁሉም ቴስታታ አንድ አይደለም። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

የ650 ሲሲው ትራያምፍ ቦንቪል ላይ ዘይት ወደ ሮከሮቹ የሚወጣው በውጭ ቱቦ ነው። የሚመለሰው ደግሞ የሮከር መግፊያ ዘንጎቹ በሚያልፉባቸው ቱቦዎች ውስጥ ነው። እነዚህ ቱቦዎች በሁለቱ ሲሊንደሮች መሀል አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ቆመው ይታያሉ። ስለዚህ በዚያ ሞተር ላይ የቴስታታው ጓርኒሲዮን የሚይዘው የፍንዳታውን ጋዝ እንጂ በግፊት የሚሄድ ዘይት አይደለም። መሀሉ ላይ ዘይት ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት የቱቦዎቹን የጎማ ማኅተም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ሆንዳ ሲቢ 750 ሌላ ነው። ካምሻፍቱ፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ፣ ከላይ ነው። ዘይቱ በግፊት ሽቅብ የሚወጣው ሲሊንደሩን ሰንጥቆ፣ የቴስታታውን መገጣጠሚያ ተሻግሮ ነው። በየመሻገሪያው ትንንሽ ኦሪንጎች አሉ። መሀሉ ላይም የካም ሰንሰለቱ የሚያልፍበት ሰፊ ዋሻ አለ። እዚህ ላይ ዘይት በእርግጥም ከቴስታታው ፊት ሊወጣ ይችላል። ኦሪንጎቹ ዓመታት የሞተር ሙቀት ሲመታቸው እንደ ፕላስቲክ ይደርቃሉ፤ በጥፍር ስትጫኗቸው አይመለሱም።

የእናንተ ሞተር የትኛውን እንደሚመስል ሳትፈቱ እወቁ። የምታዝዙት ዕቃ የሚወሰነው በዚህ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

የሞዴሉ የጥገና መጽሐፍ፣ ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ)፣ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ፣ ቅጠል ቅጠል የሆነው የክፍተት መለኪያ፣ የጎማ መዶሻ፣ ሙሉ የላይኛው ክፍል የጓርኒሲዮን ስብስብ። ኦሪንጎቹን ለየብቻ የምትገዙ ከሆነ ሙቀት የሚችለውን የቫይተን ዓይነት ምረጡ።

ቁልፎቹ ላይ ተጠንቀቁ። የድሮ የእንግሊዝ ሞተሮች ብዙዎቹ የዊትዎርዝ መለኪያ ነው የሚጠቀሙት፤ የሚሊሜትር ቁልፍ ገባ ቢመስልም ጠርዙን ይበላዋል። የጃፓኖቹ የመስቀል ቪቶችም ተራ የመስቀል ካቻቢቴ በቀላሉ ያበላሻቸዋል፤ ለእነሱ የሚሆን የጃፓን ደረጃ ካቻቢቴ አለ።

መፍታት

ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ትኩስ ቴስታታ ሲፈታ ይጣመማል። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ይሻላል።

ባትሪውን ነቅላችሁ፣ የነዳጅ ታንኩን፣ ካርቡራተሩንና የማርሚታውን ቱቦ አውጡ። የማርሚታ ዳዶዎች ከዝገት ጋር ተጣብቀው ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ዝገት ማላቀቂያ ንፉባቸው። ካንዴላውን አውጡና ፒስቶኑን በኮምፕሬሽን ምት ጫፍ ላይ አቁሙት፤ የዚያ ሲሊንደር ቫልቮች ሁለቱም ተዘግተዋል ማለት ነው።

የሮከር መግፊያ ዘንጎች ካሉ እያንዳንዱ ወደ መጣበት ይመለሳል። ካርቶን ላይ ቀዳዳ በስታችሁ በቅደም ተከተል ሰኩት፤ ከላይና ከታች የትኛው እንደሆነም ጻፉ። ከላይ ካምሻፍት ያለው ከሆነ ካምሻፍቱን ከማንሳታችሁ በፊት ምልክቶቹን ፎቶ አንሱ። የካም ሰንሰለቱን ደግሞ በሽቦ አስራችሁ ከፍሬሙ ጋር ያዙት። ወደ ታች ከወደቀ ማውጣቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የቴስታታውን ዳዶዎች በአንድ ጊዜ አትፍቱ። መጽሐፉ በሚያጠብቅበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ እያንዳንዱን ሩብ ዙር እያላላችሁ ዙሩ። ሁሉም ሲላላ ብቻ አውጧቸው። ሮንዴላዎቹን ቁጠሩ።

አሁን ቴስታታው እምቢ ይላል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። መገጣጠሚያው ውስጥ ካቻቢቴ ሰክታችሁ አትፈልቅቁ። አንዲት የካቻቢቴ ጭረት ለዘላለም የዘይት መንገድ ትሆናለች። ክንፎቹንም አትምቱ፤ ይሰበራሉ። ወፍራም የሆነውን ቦታ፣ ለምሳሌ የማርሚታ መውጫውን ዙሪያ፣ በጎማ መዶሻ ወዲህም ወዲያም ቀስ እያላችሁ ምቱ። ካልተነሳ ስታዶቹ ዙሪያ ዝገት ማላቀቂያ ጨምራችሁ ጠብቁ።

ሲነሳ ሲሊንደሩ አብሮ እንዳይነሳ አንድ ሰው ወደ ታች ይያዝላችሁ። ሲሊንደሩ ከተነሳ የሥሩ ጓርኒሲዮን ይቀደዳል፤ እሱንም መቀየር ግድ ይሆናል። በብዙዎቹ የጃፓን ሞተሮች ላይ ያው አንድ ስታድ ቴስታታውንም ሲሊንደሩንም ይዟል። ስለዚህ ቴስታታው ከተነሳ በኋላ ሞተሩን አታዙሩ፤ ፒስቶኑ ሲሊንደሩን ይዞት ይነሳል።

አሮጌውን ጓርኒሲዮን አትጣሉት

ጓርኒሲዮኑን ብርሃን ላይ ይዛችሁ ሁለቱንም ፊት እዩ። የፍንዳታውን ክፍል ከሚከበው ቀለበት ተሻግሮ ወደ ውጭ የሄደ ጥቁር መስመር ካለ ጋዝ ያመልጥ ነበር። ከዘይት ቀዳዳ ወይም ከሰንሰለቱ ዋሻ ተነስቶ ወደ ጠርዝ የሚሄድ ቡናማ እርጥብ መንገድ ካለ የዘይቱ መውጫ እሱ ነው። ከዚያ በዚያው ቦታ ትይዩ ያለውን የቴስታታና የሲሊንደር ፊት በጥፍራችሁ ዳብሱ። ጭረት፣ የተነሳ ጠርዝ ወይም የተበላ ቦታ ብዙ ጊዜ እዚያው ታገኛላችሁ። ፓውደሩ ያሳያችሁ ነጥብና ይህ መንገድ ከተገጣጠሙ ምርመራው አልቋል። ካልተገጣጠሙ ግን ዘይቱ ከሌላ ቦታ ነው የመጣው፤ ከመግጠማችሁ በፊት አግኙት።

ማጽዳት

ሥራው በሙሉ የሚወሰነው እዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቅደም። የድሮ ጓርኒሲዮኖች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ብናኙ ሳንባን ይጎዳል። ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፣ በሚሽከረከር ብሩሽ አትንኩ፣ በኮምፕሬሰር አየርም አትንፉ። እያረጠባችሁ ፋቁ፤ ፍቅፋቂውን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስባችሁ ፌስታል ውስጥ እሰሩ።

ፒስቶኑን፣ የዘይት ቀዳዳዎቹንና የሰንሰለቱን ዋሻ በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ። ለመፋቅ የፕላስቲክ፣ የጠንካራ እንጨት ወይም የነሐስ መፋቂያ ተጠቀሙ። የተጣበቀው እምቢ ካለ የጓርኒሲዮን ማላቀቂያ ፈሳሽ ቀብታችሁ ጠብቁ። መሰርሰሪያ ላይ የሚገጠሙ ሻካራ ዲስኮች አሉሚኒየሙን ሳታውቁት ይቦረቡሩታል፤ ከእነሱ የሚረግፈው ብናኝ ደግሞ ዘይት ውስጥ ገብቶ ቦኮላ ይበላል። በፍጹም አያስፈልጉም።

መጨረሻ ላይ ፊቶቹን ዘይት በሚያጠፋ ፈሳሽ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ድጋገሙ።

ዝርግነቱን መለካት

ማስመሪያውን ቴስታታው ፊት ላይ በጠርዙ አቁሙት። በርዝመት፣ በስፋት፣ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ። በእያንዳንዱ አቅጣጫ 0.05 ሚሊሜትር የሆነውን ቅጠል ከሥሩ ለማስገባት ሞክሩ። የብዙ ሞተሮች መጽሐፍ ገደብ በዚህና በ0.1 ሚሊሜትር መካከል ነው፤ የእናንተን እዩ። ቅጠሉ የትም ካልገባ ደህና ነው። የሲሊንደሩንም ፊት እንዲሁ ለኩ። ብዙ ሰው ቴስታታውን ለክቶ ሲሊንደሩን ይረሳል።

ጥቂት ብቻ ከሆነ በእጅ ይስተካከላል። ወፍራም መስታወት ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። 400 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ዘርጉበት፤ በውሃና በጥቂት ሳሙና አርጥቡት። ስታድ ቴስታታው ላይ ካለ ይውጣ። ከዚያ ቴስታታውን በራሱ ክብደት ብቻ ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ አንሸራትቱት። አትጫኑ። ጥቂት ካሻችሁ በኋላ ገልብጣችሁ እዩ፤ ከፍ ያለው ቦታ ያበራል፣ ዝቅ ያለው ደብዝዞ ይቀራል። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሲሆን አቁሙ። ከዚያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡት፤ እያንዳንዱን ቀዳዳ በብሩሽ።

የተጣመመው ከዚህ በላይ ከሆነ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። የሚነሳው ትንሹ መጠን ይሁን። ብዙ ከተላገ ኮምፕሬሽኑ ይጨምራል፣ የማኅተሞቹም ልክ ይለወጣል።

ስታድና ጥርስ

የስታድ ቀዳዳዎቹን አፍ በጣታችሁ ዳብሱ። በዓመታት ማጥበቅ አሉሚኒየሙ እንደ ከንፈር ወደ ላይ ይነሳል። ያ የተነሳ ከንፈር ጓርኒሲዮኑ እንዳይቀመጥ ያደርጋል። ሰፋ ባለ መሰርሰሪያ ጫፍ በእጅ እያዞራችሁ ጠርዙን ብቻ አንሱለት። ጥርሱ የላላ ከሆነ ደግሞ በሽቦ ጥርስ ማስገቢያ ይጠገናል። ይህን አሁን ካልሠራችሁት ዳዶው ልኩ ላይ ሳይደርስ ይለቃችኋል።

መውጫ የሌላቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ዘይት ወይም ማጠቢያ ፈሳሽ እንዳይቀር። ቡሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መሄጃ ስለሌለው አሉሚኒየሙን ሊሰነጥቀው ይችላል።

የቱቦ ማኅተሞችን ልክ መፈተሽ

ይህ የትራያምፍና መሰል ሞተሮች ጉዳይ ነው። የሌላችሁ እለፉት። ያላችሁ ግን ሁለቴ አንብቡት፤ ብዙ ሰው ደጋግሞ ፈትቶ ደጋግሞ የሚያፈስበት ምክንያት ይህ ነው።

አዲሶቹን የጎማ ማኅተሞች በቱቦዎቹ ላይና ታች ግጠሙ። ቱቦዎቹን ቦታቸው ላይ አቁሙ። የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ሲሊንደሩ ላይ አስቀምጡ። ቴስታታውን ከላይ በቀስታ አኑሩት፤ ምንም አታጥብቁ። አሁን ቴስታታው ያረፈው ጎማዎቹ ላይ ነው። በእሱና በጓርኒሲዮኑ መካከል ቀጭን ክፍተት ይታያል። ያንን ክፍተት በቅጠሎቹ ለኩ። ጎማው ሲጠብቅ የሚጨመቀው በዚያ መጠን ነው።

ለ650ው ትራያምፍ ከ0.75 እስከ 1 ሚሊሜትር ያህል ይፈለጋል። ክፍተት ከሌለ ጎማው አይጨመቅም፤ ዘይቱ ያልፋል። ክፍተቱ በጣም ከሰፋ ደግሞ የቡሎኖቹ ጉልበት ጎማ በመጭመቅ ያልቃል። ጓርኒሲዮኑ ሳይያዝ ይቀርና ጋዝ ያመልጣል። ሁለቱም ስህተት ከውጭ ሲታይ ያው «ቴስታታው ያፈሳል» ነው የሚባለው።

ልኩ ካልመጣ ውፍረቱ የተለየ ማኅተም ይፈለጋል። ቴስታታው ከተላገ ወይም ወፍራም ጓርኒሲዮን ከተገዛ ክፍተቱ ይለወጣል። ስለዚህ ባለፈው የሠራው የማኅተም መጠን ዛሬም ይሠራል ብላችሁ አትመኑ። በእያንዳንዱ ጊዜ ለኩ።

የመዳብ ጓርኒሲዮን

ጠጣር የመዳብ ጓርኒሲዮን ሲጨመቅ ይጠነክራል። ጠንካራ መዳብ ደግሞ ፊቱን ተከትሎ አይቀመጥም። አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ከመግጠማችሁ በፊት አለስልሱት። እሳት የሚችል ጡብ ላይ አስተኝታችሁ በጋዝ እሳት እያዞራችሁ አግሉት። ብርሃን ደብዘዝ ባለበት ክፍል ውስጥ ሁሉም ቦታው ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን። ከዚያ ውሃ ውስጥ ክተቱት ወይም በራሱ ይቀዝቅዝ፤ መዳብ በሁለቱም ይለሰልሳል። ውሃው ጥቁሩን ቅርፊት ስለሚያራግፍለት እኔ ውሃውን እመርጣለሁ። ቀሪውን በስስ የብረት ሱፍ አጽዱ። አሁን በጣም ለስላሳ ስለሆነ በሁለት እጅ ያዙት፤ በራሱ ክብደት ይታጠፋል።

ከብዙ ንብርብር የተሠራ ጓርኒሲዮን ግን አንዴ ከተጨመቀ አበቃለት። ዳግም አይገጠምም።

መግጠምና ማጥበቅ

አዲስ ኦሪንጎቹን በንጹሕ የሞተር ዘይት ቀብታችሁ አስገቡ። ቴስታታውን በልኩ የሚያስቀምጡት ማቆሚያ ቀለበቶች በቦታቸው መሆናቸውን እዩ። ጓርኒሲዮኑን ስታስቀምጡ የዘይት ቀዳዳዎቹ ሁሉ መገጣጠማቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ አንዳንዱ ሲገለበጥ የሚገጥም ይመስላል፣ ግን አንድ ቀዳዳ ይዘጋል። መጽሐፉ ካላዘዘ ሲሊኮን አትቀቡ። የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ይገፋና ተቆርጦ የዘይት መንገድ ይደፍናል። ለመዳብ ጓርኒሲዮን የማይደርቅ ማተሚያ በስሱ መቀባት ይቻላል።

የማጥበቂያውን ቁጥር ከመጽሐፉ ስትወስዱ መለኪያውን አንብቡ። የእንግሊዞቹ መጽሐፍ በፉት ፓውንድ ይጽፋል፤ የድሮዎቹ የጃፓን በኪሎግራም ሜትር። አንድ ፉት ፓውንድ 1.36 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። አንድ ኪሎግራም ሜትር 9.8 ኒውተን ሜትር ነው። ስለዚህ 18 ፉት ፓውንድ 24 ኒውተን ሜትር ያህል ሲሆን፣ 2 ኪሎግራም ሜትር ደግሞ 20 ያህል ነው። ይህን ያደባለቀ ሰው ስታድ ይነቅላል።

መጽሐፉ በደረቁ ካላለ ጥርሶቹንና የዳዶዎቹን ሥር ጠብታ ዘይት ንኩ። ሁሉንም በእጅ አድርሱ። ከዚያ ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ውጭ፣ መስቀለኛ በሆነ መንገድ፣ በሦስት ዙር አጥብቁ። የመጨረሻው 24 ከሆነ መጀመሪያ 8፣ ቀጥሎ 16፣ ከዚያ 24። ቁልፉን ቀስ ብላችሁ በአንድ ትንፋሽ ሳቡት፤ አታርግፉት። ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉትና የመጨረሻውን ዙር ድገሙ። አንዳንዱ ዳዶ ትንሽ ሲሄድ ታያላችሁ፤ ጓርኒሲዮኑ እየተቀመጠ ነው።

ካምሻፍት ከላይ ካለው ሰንሰለቱን በምልክቱ ግጠሙና ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። የሆነ ቦታ ላይ ቢቆም አታስገድዱት። ቫልቭ ፒስቶን ነክቶ ይሆናል፤ ምልክቶቹን እንደገና ፈትሹ።

የቫልቭ ክፍተቱን በመጽሐፉ ልክ አስተካክሉ። ሮከሮቹና ካሙ ላይ ዘይት አፍስሱ። ካንዴላው ወጥቶ፣ ሽቦው ከአካሉ ጋር ተነካክቶ ሳለ ሞተሩን ጥቂት ጊዜ በእግር ማስነሻው አዙሩት። ዘይቱ ከላይ ሲደርስ ካያችሁ ካንዴላውን ግጠሙ።

ከተነሳ በኋላ

መጀመሪያ ቆሞ ይሙቅ። አታስጩኹት። ሲሞቅ አጥፍታችሁ እስከ ማግስቱ ይደር። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት እጥፍ ያህል ይሰፋል። የመጀመሪያው ሙቀት ጓርኒሲዮኑን የበለጠ ይጨምቀዋል፤ ሲቀዘቅዝ የስታዱ ጉልበት ይቀንሳል። ለዚህ ነው በማግስቱ ቀዝቃዛ ሳለ ደግሞ የሚጠበቀው። አንዱን ዳዶ ሩብ ዙር አላሉና ወደ ልኩ መልሱት፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዳታላሉ። ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ አንድ ጊዜ ይደገማል።

በእያንዳንዱ ማጥበቅ ማግስት የቫልቭ ክፍተቱን እዩ። የመግፊያ ዘንግ ባለው ሞተር ላይ ቴስታታው ዝቅ ሲል ክፍተቱ ይጠባል። ከተዘጋ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ይቃጠላል።

የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ላይ ክንፎቹ ሥር የቀረ አሮጌ ዘይት ሞቆ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከሁለተኛው ማጥበቅ በኋላ አጥባችሁ እንደገና ፓውደር ንፉ። ያው ቦታ ዳግም ከራሰ መተንፈሻውን ደግማችሁ እዩ። እሱ ደህና ከሆነ ስንጥቅ መጠርጠር አለባችሁ። በተለይ ከስታድ ቀዳዳ ወደ ጠርዝ ወይም ወደ ካንዴላው ቀዳዳ የሚሄድ የፀጉር ያህል ስንጥቅ በዓይን አይታይም። ቶርኖ ቤቶች ስንጥቅ የሚያሳይ ቀይ ቀለም አላቸው፤ ይቀባል፣ ይጠረጋል፣ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል፣ ስንጥቁ ካለ ቀዩ ተመልሶ ይወጣል። የአሉሚኒየም ስንጥቅ በአርጎን ብየዳ ይዘጋል። ከብየዳው በኋላ ግን ፊቱ እንደገና ይላግ፤ ሙቀቱ ያጣምመዋል።